ከራሱ ድርጅት ሁለቴ የወጣው ሰው፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት የአል ሹጋርትን ታሪክ አንብቡት

ላፕቶፑ ሞልቷል። ስልኩም ሞልቷል። የምረቃው ፎቶ፣ የእህት ሰርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ከቴሌግራም የወረደው ፊልም ሁሉ ተደራርቦ መተንፈሻ ጠፍቷል። በቃ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መግዛት አለብኝ ብላችሁ ሱቅ ገባችሁ እንበል። ሻጩ መስታወቱ ላይ አራት አምስት ካርቶን ይደረድርላችኋል። ከነዚያ መካከል አንዱ ላይ ሲጌት የሚል ስም አታጡም።

ያንን ድርጅት ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ሕይወቱ ግን ፊልም ነው። በስሙ ከተጠራው ድርጅት ወጥቷል፣ ሳልመን ዓሣ አጥምዷል፣ መጠጥ ቤት ከፍቷል፣ ተመልሶ ዓለምን የቀየረ ዕቃ ሠርቷል፣ ውሻውን ለአሜሪካ ኮንግረስ እጩ ላድርግ ብሏል፣ በመጨረሻም ከራሱ ድርጅት እንደገና ተባሯል። ታሪኩን ስታውቁ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለው ትንሽ ሳጥን ውስጡ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚበላሽና የትኛውን መግዛት እንዳለባችሁ ይገባችኋል። እንጀምር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

📌 በተመረቀ ማግስት ሥራ

አላን ሹጋርት፣ ሰው ሁሉ አል እያለ ነበር የሚጠራው፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1930 ሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ። እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው ሬድላንድስ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ፊዚክስ ተምሮ በ1951 ተመረቀ። በተመረቀ ማግስት አይቢኤም ገባ። እንደኛ ሲቪ ይዞ ወር ሁለት ወር መንከራተት የለም፤ ዛሬ ምረቃ፣ ነገ ሥራ።

ሥራው ግን የሚያምር ቢሮ አልነበረም። የጥገና ሠራተኛ ነው የሆነው። ድርጅቶች ቤት እየሄደ የተበላሸ የአይቢኤም ማሽን ይጠግናል። ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ሙያውን የጀመረው ዕቃ በመፍጠር ሳይሆን ዕቃ እንዴት እንደሚበላሽ በማየት ነው። ማሽን ሲቆም የደንበኛው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ኋላ ላይ አለቃ ሆኖም ቢሆን ከሠራተኛው ጋር እኩል የሚያወራ፣ ከረባት ትቶ የሃዋይ አበባማ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ነበር።

በ1955 ወደ ሳን ሆዜ ከተማ፣ አይቢኤም ወደነበረው የምርምር ቤት ተዛወረ። እዚያ ሬይኖልድ ጆንሰን የሚባል፣ ድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው የሚመራው ቡድን አንድ ያልተለመደ ነገር እየሠራ ነበር።

📌 ሁለት ፍሪጅ የሚያክል፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ዲስክ

በዚያን ጊዜ መረጃ የሚቀመጠው በተበሳሳ ካርቶን ወይም በማግኔት ቴፕ ነው። የቴፑን ችግር የካሴት ዘመን ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ስምንተኛውን ዘፈን ለመስማት ሰባቱን ማሳለፍ ግድ ነው። አንድ ድርጅት የአንድ ደንበኛ ሒሳብ ለማየት ቴፑን ሙሉ ማዞር ነበረበት።

የጆንሰን ቡድን ሐሳብ የሸክላ ማጫወቻ ነገር ነው። ሸክላ ላይ መርፌውን አንስታችሁ የፈለጋችሁት ዘፈን ላይ ታሳርፉታላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ፣ በማግኔት የተቀባ ሳህን በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አንድ ክንድ ጫፉ ላይ ባለው አንባቢ ወደሚፈለገው ቦታ በቀጥታ ይሄዳል። በ1956 ለገበያ ቀረበ። ራማክ ይባላል። 50 ሳህኖች ነበሩት፣ እያንዳንዳቸው ከዳር ዳር 24 ኢንች። ጠቅላላው ሁለት ትልልቅ ፍሪጅ ያክላል፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው፣ ለማንሳት ፎርክሊፍት ይፈልጋል።

ምን ያህል ይይዛል? 5 ሚሊዮን ፊደል። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ጥሩ ፎቶ ያንን ያህል ቦታ ይወስዳል። ኪራዩ ደግሞ በወር 3,200 ዶላር ነበር። አሁን አንድ ቴራባይት የሚይዝ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሃርድ ዲስክ ያላችሁ ልጆች አስቡት። የእናንተ ኪስ 200,000 ራማክ ተሸክሟል ማለት ነው።

ሹጋርት በዚህ ማሽን ላይ ሠራ፣ ተማረ፣ ደረጃ በደረጃም አደገ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የአይቢኤም የዲስክ ምርቶች ኃላፊ ሆኖ ነበር። በእሱ ሥር ከነበሩት ሥራዎች አንዱ ሰፊውን ሕዝብ የነካ ነው። ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ሲነሱ የሚያነቡትን ትእዛዝ የሚጭንላቸው ርካሽና በፖስታ ሊላክ የሚችል ነገር ያስፈልግ ነበር። ሹጋርት ሥራውን ዴቪድ ኖብል ለሚባል ኢንጂነር ሰጠው። ውጤቱም 8 ኢንች ስፋት ያለው፣ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ዲስክ ሆነ። ፍሎፒ ዲስክ እንዲህ ተወለደ፣ በ1971። የያዘው 80 ኪሎባይት ብቻ ነው። ግን መረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላል ሆኖ በቦርሳ መዞር ጀመረ።

ፍሎፒ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ አይታችሁታል። ወርድ ላይ ሴቭ ለማድረግ የምትነኩት ትንሽዬ ምልክት የፍሎፒ ሥዕል ነው።

📌 ስሙ በሩ ላይ፣ እሱ ውጪ

በ1969 ሹጋርት አይቢኤምን ለቅቆ ሜሞሬክስ ወደሚባል ድርጅት ሄደ። ብቻውን አልሄደም። ብዙ የአይቢኤም ኢንጂነሮች ተከትለውት ወጡ። ሰው የሚከተለው ዓይነት አለቃ ነበርና።

በ1973 ደግሞ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ስሙን ሹጋርት አሶሼትስ አለው። ሕልሙ ሰፊ ነበር። ለትናንሽ ድርጅቶች የሚሆን ሙሉ ኮምፒውተር፣ ከነፍሎፒው ከነፕሪንተሩ ልሥራ አለ። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ሕልሙ ሳያልቅ ብሩ አለቀ። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ሌላውን ተውና ፍሎፒውን ብቻ ሽጡ አሉ። ሹጋርት አልተዋጠለትም። ድርጅቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1974፣ ከራሱ ድርጅት ወጣ። አንዳንዱ ተባረረ ይላል፣ አንዳንዱ ራሱ ለቀቀ ይላል። የትኛውም ይሁን፣ ጠዋት ሲነሳ በስሙ የሚጠራ ድርጅት ነበር፣ እሱ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ይባስ ብሎ ድርጅቱ ከእሱ መውጣት በኋላ ተሳካለት። በ1976 ሹጋርት አሶሼትስ 5.25 ኢንች የሆነውን ትንሹን ፍሎፒ ማንበቢያ አወጣ፣ ገበያውም በጣም ወደደው። ዜሮክስ በ1977 ድርጅቱን ገዛው። የስሙ ባለቤት ሌላ ሰው ሆነ።

ሹጋርትስ? ጀልባ ገዛ። ቀልድ አይደለም፤ ሳልመን እያጠመደ የሚሸጥ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ከጓደኞቹ ጋር ደግሞ ሳንታ ክሩዝ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ መጠጥ ቤት ከፈተ። ጎን ለጎን የማማከር ሥራም ይሠራ ነበር። የዘርፉ ትልቅ ሰው የነበረ፣ በ40ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ያለ ሰው፣ መረብ እየጎተተ አምስት ዓመት ያህል ቆየ።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ዕድሜያችን በ20ዎቹ ሆኖ አንድ ሥራ ሲበላሽብን ሁሉ ነገር ያበቃ የሚመስለን ብዙ ነን። ሹጋርት ዛሬ የሚታወቅበትን ትልቁን ሥራ የሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

📌 1979፦ ዳግም ጅማሬ

በ1979 ፊኒስ ኮነር የሚባል የድሮ ባልደረባው አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ገበያው ላይ ትናንሽ የግል ኮምፒውተሮች እየበዙ ነው። ሰዎች የሚጠቀሙት ቀርፋፋና ትንሽ የሚይዘውን ፍሎፒ ነው። ሃርድ ዲስኩን የፍሎፒ ማንበቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ አድርገን ብናሳንሰውስ?

ሁለቱ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር፣ ከነሱም መካከል ቶም ሚቸል፣ ዳግ ማሆንና ሰይድ ኢፍቲካር ይገኛሉ፣ አዲስ ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ሹጋርት ቴክኖሎጂ አሉት። ግን ያ ስም የማን ነበር? የዜሮክስ! ሰውየው በገዛ ስሙ መነገድ ችግር ሆነበት። ስለዚህ ስሙን ቀየሩት፦ ሲጌት ቴክኖሎጂ።

በ1980 የመጀመሪያ ምርታቸው ወጣ። 5.25 ኢንች የሆነ የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ነው። የያዘው 5 ሜጋባይት፣ ዋጋው 1,500 ዶላር። ልብ በሉ፣ የያዘው ሹጋርት ወጣት ሆኖ የሠራበትን ራማክ ያህል ነው። ሁለት ፍሪጅ የነበረው ነገር በ24 ዓመት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ።

ዋጋውን አስሉት። 1,500 ለ5 ሲካፈል አንድ ሜጋባይት 300 ዶላር ነው። በዚያ ዋጋ አንድ ቴራባይት ልግዛ ብትሉ 300 ሚሊዮን ዶላር ይፈጅባችሁ ነበር።

ድርጅቱ በ1981 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። ከዚያ ትልቁ በር ተከፈተ። አይቢኤም በ1983 ላወጣው ኤክስቲ ለሚባል የግል ኮምፒውተር የሲጌትን 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ መረጠ። የድሮው ጥገና ሠራተኛ ለድሮ ቀጣሪው ዕቃ አቅራቢ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር መግዛት እየቀረ መጣ።

📌 ጓደኛ ተፎካካሪ ሲሆን

ይህ ሥራ ጨካኝ ነው። ዋጋ በየዓመቱ ይወርዳል፣ ዕቃው በየዓመቱ ያንሳል፣ የዘገየ ይዘጋል። ሹጋርት ቶሎ የገባው ነገር ቢኖር ርካሽ ያልሆነ እንደማይተርፍ ነው። ሲጌት ፋብሪካውን ወደ ሲንጋፖር፣ ከዚያም ወደ ታይላንድ ወሰደ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። ርካሹ ሃርድ ዲስክ እኛ ጋ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው፤ የከፈለው ሰው ግን እንደነበረ አይረሳ።

ጓደኞቹም አንድ በአንድ ወጡ። ሰይድ ኢፍቲካር በ1982 ሳይኩዌስት የሚባል ድርጅት ከፈተ። ሐሳቡ ከኮምፒውተሩ እየወጣ የሚገባ፣ በእጅ የሚያዝ የሃርድ ዲስክ ካሴት ነው። በ80ዎቹ መጨረሻና በ90ዎቹ መጀመሪያ ማተሚያ ቤቶችና ዲዛይነሮች ሥራቸውን በ44 ሜጋባይት የሳይኩዌስት ካሴት ይዘው ይዞሩ ነበር። የዛሬው ኤክስተርናል አጎት በሉት።

ፊኒስ ኮነርም ወጥቶ በራሱ ስም ሌላ የሃርድ ዲስክ ድርጅት አቋቋመ፣ በሚገርም ፍጥነትም አደገ። ሐሳቡን ያመጣው ጓደኛ ዋና ተፎካካሪ ሆነ። ሹጋርት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1989 ከኮንትሮል ዳታ ኢምፕሪሚስ የተባለውን የዲስክ ክፍል ገዛ። በ1996 ደግሞ የጓደኛውን የኮነርን ድርጅት ሲጌት ውስጥ አስገባው። 

በዚህ መሐል ዲስኩ ማነሱን ቀጥሏል። ከ5.25 ወደ 3.5 ኢንች፣ በ1988 ደግሞ ፕሬሪቴክ የሚባል ድርጅት የመጀመሪያውን 2.5 ኢንች አወጣ፣ 20 ሜጋባይት የሚይዝ። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ የሚገባው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ውስጡ ያለው ይኸው 2.5 ኢንች ነው።

በሃርድ ዲስክ ታሪክ ውስጥ ከ200 በላይ ድርጅቶች ሞክረዋል። ዛሬ የቀሩት አምራቾች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ይህንን ያዙት፣ ኋላ ይጠቅማችኋል።

📌 ኧርነስት ለኮንግረስ

ሹጋርት ሀብታም ሆነ፣ ግን ቁም ነገረኛ ለመምሰል አልሞከረም። በ1996 ውሻውን ኧርነስትን፣ ትልቅ የስዊዝ ተራራ ዝርያ ውሻ ነው፣ ለአሜሪካ ኮንግረስ እጩ ላድርግ ብሎ ተነሳ። ምርጫው ላይ የሚቀርቡት ሰዎች ካላረኩን ውሻዬ ምን አነሰው ዓይነት ነገር ነው። ውሻው እርግጥ ምርጫ ወረቀቱ ላይ አልገባም። ሹጋርት ግን ስለዚሁ ዘመቻ መጽሐፍ ጻፈ።

ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር ነበረበት። ከዚያ በኋላ መራጩ ከቀረቡት አንዳቸውንም አልመርጥም የሚል ሣጥን ምርጫ ወረቀቱ ላይ እንዲኖረው የሚጠይቅ ሐሳብ በገንዘቡ ደግፎ በ2000 ለካሊፎርኒያ ሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ አደረገ። ሕዝቡ አልተቀበለውም። ሰውየው ግን መሸነፍ አዲስ ነገር አልነበረም።

📌 1998፦ ሁለተኛው መውጣት

በ1998 ገበያው ወረደ፣ ሲጌት ትልቅ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ቦርዱ ሹጋርትን ሥራውን በፈቃድህ ልቀቅ አለው። እምቢ አለ። ስለዚህ አባረሩት። ከ24 ዓመት በፊት የደረሰበት ነገር እንደገና ደረሰበት፤ በዚህ ጊዜ 67 ዓመቱ ነበር።

ዓሣ ማጥመድ አልተመለሰም። አዳዲስ ድርጅቶችን የሚደግፍ በስሙ የሚጠራ ሌላ ድርጅት ከፈተ። የድሮ አለቃውን የሬይኖልድ ጆንሰንን ስም የያዘውን የአይትሪፕልኢ ሽልማት ከመባረሩ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1997 ተቀብሎ ነበር። በ2005 ደግሞ የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም አከበረው። ዲሴምበር 12 ቀን 2006 ሞንተሬይ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተፈጠረ ችግር አረፈ። 76 ዓመቱ ነበር።

📌 እሺ፣ ይህ እኛን ምን አገባን?

በጣም ያገባናል። ሹጋርት ሙያውን የጀመረው የተበላሸ በመጠገን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ዕቃ ደግሞ አንድ ቀን መበላሸቱ የማይቀር ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ አሁንም ያው የራማክ ሐሳብ አለ፦ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ። አንባቢው ሳህኑን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚንሳፈፈው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሳህኑ ከተፋቀ የሰርጉ ቪዲዮ አብሮ ይፋቃል።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ይህንን ይዛችሁ ሂዱ፦

👉 ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። መውደቅን በጣም ይሻላል፣ ፈጣንም ነው። ጥሩ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ተራ ኤስኤስዲ 500 አካባቢ ይደርሳል። ግን በተመሳሳይ ብር የምታገኙት ቦታ ያንሳል። ላፕቶፕ ይዛችሁ በታክሲ የምትዞሩ፣ ቪዲዮ የምትቆርጡ ከሆነ ኤስኤስዲ። ፊልምና የድሮ ፎቶ ሞልታችሁ ቤት የምታስቀምጡ ከሆነ ሃርድ ዲስክ ይበቃችኋል።

👉 ትንሹ ወይስ ትልቁ? 2.5 ኢንች የሆነው ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ይወስዳል። 3.5 ኢንች የሆነው ግድግዳ ላይ የሚሰካ አዳፕተር ይፈልጋል። እኛ አገር ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ትንሹ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ይሠራል፤ ትልቁ ኮፒ እያደረገ መብራት ከሄደ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ፋይላችሁም አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

👉 ካርቶኑ ላይ ያለው ስም። ሦስት አምራች ብቻ ቀርተዋል ብለን ነበር አይደል? ሌላ ስም ያለበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ቢሆን ውስጡ ያለው ከሦስቱ የአንዱ ነው። ስለዚህ ስለ ስም ከመጨቃጨቅ ደረሰኝና ዋስትና ጠይቁ።

👉 በርካሽ 16 ቴራባይት የሚሏችሁን ሽሹ። በኢንተርኔትም በሱቅም የሚዞር ማታለያ ነው። ውስጡን ሲከፍቱት ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ይገኛል፣ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ 16 ቴራባይት ነኝ እንዲል ተደርጓል። ኮፒ ስታደርጉ የሚሠራ ይመስላል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ ፋይል የድሮውን እየደመሰሰ ይጻፋል። የምታውቁት ፋይሉን ለመክፈት ስትሞክሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብሊው፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ኤፍስሪ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዕቃውን እስከ መጨረሻው ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነቱን ያወጣሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አንድም ፋይል ሳታስገቡ በፊት አድርጉት።

👉 1 ቴራባይት ገዝታችሁ 931 ቢያሳይ አትደንግጡ። አልተታለላችሁም። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል። ልዩነቱ ከዚያ ነው የመጣው።

👉 የዩኤስቢ ቀዳዳችሁን እዩ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዩኤስቢ 2 በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። እዚያ ላይ ውድ ኤስኤስዲ ብትሰኩ ፍጥነቱን አታዩትም። በስልክም ልትሰኩት ካሰባችሁ ገመዱ ዓይነት ሲ መሆኑን አረጋግጡ።

👉 ፎርማቱ። ዊንዶውስም ማክም የምትጠቀሙ ከሆነ ኤክስፋት ላይ ፎርማት አድርጉት። ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ፋት32 ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፎርማት ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን እንዳትረሱ።

👉 ድምፁን ስሙ። ሃርድ ዲስካችሁ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ከጀመረ ደጋግማችሁ አትሰኩት። ገና የሚነበብ ከሆነ በጣም አስፈላጊውን ቶሎ አውጡ። የማይነበብ ከሆነ ተዉትና ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ደጋግሞ መሞከር ሳህኑን ይበልጥ ይፍቀዋል።

📌 ዋናው ነገር

አሁን ትልቁን ነገር እንናገር። ብዙዎቻችን ኤክስተርናል የምንገዛው ላፕቶፑን ለማቅለል ነው። ፎቶውን ወደ ኤክስተርናል እንወስዳለን፣ ከላፕቶፑ እናጠፋለን፣ ባክአፕ አለኝ ብለን እንተኛለን። የለንም! አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፋይል ባክአፕ አይባልም፤ ቦታ ቀይሯል፣ ያ ብቻ ነው። ያ ሳጥን ቢወድቅ፣ ቢሰረቅ፣ ቡና ቢፈስበት፣ ያለፉት አምስት ዓመታት በአንድ ቀን ሄዱ።

ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ሕግ ቀላል ነው፦ ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለኛ ኪስ ሲመነዘር፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ላይ፣ በጣም አስፈላጊው ደግሞ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ዶክመንት፣ የማይደገም ፎቶ፣ ክላውድ ላይ ወይም ዘመድ ቤት ባለ ሌላ ፍላሽ ላይ። ፊልሙ ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል። በሕይወት የሌሉት አያታችሁ ድምፅ ግን ከየትም አይወርድም።

ሌላም አለ። ያ ሳጥን ሲጠፋ የሚጠፋው ፋይል ብቻ አይደለም፣ ያገኘው ሰው ሁሉንም ያያል። መታወቂያ፣ የባንክ ወረቀት፣ የግል ፎቶ ያለበት ከሆነ በይለፍ ቃል ቆልፉት። በአንዳንድ የዊንዶውስ ዓይነቶች ቢትሎከር አለ፣ ማክም የራሱ መቆለፊያ አለው። የይለፍ ቃሉን ራሱ ከረሳችሁት ግን ማንም አይከፍትላችሁም፣ እሱንም በጥንቃቄ ያዙ።

ሹጋርት በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ድርጅቱን አጣ፣ አንድ ጊዜ ስሙን አጣ። ያላጣው እውቀቱንና አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች ነው፤ እነሱ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጡ አልነበሩም። ከሜሞሬክስ እስከ ሲጌት በየደረሰበት አገኛቸው። እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ቢጠፋ የምታለቅሱለትን ፋይል ለዩ፣ ከዚያ ስንት ቦታ እንዳለ ቁጠሩ። መልሱ አንድ ከሆነ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት አድርጉት።

ለሚጠቅመው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት፣ በተለይ ዘንድሮ ለሚመረቅ። እናንተ ምን ዓይነት ኤክስተርናል ነው የምትጠቀሙት? ስንት ዓመት ቆየላችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩን።